መኪናሽን ስታስረክቢ ይሉኝታሽን ቤት ትተሽ ውጪ

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ነርስ ነኝ፣ የምኖረው አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው። ሲያትል ሥራ አግኝቼ ኦገስት 18 እጀምራለሁ። የ2016 ቶዮታ ራቭ ፎር አለኝ፤ ጭኜ ልላካት ብዬ አንድ ዋጋ ማወዳደሪያ ድረ ገጽ ላይ ስልኬን ባስገባሁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስልኬ መጮህ ጀመረ። እስከ ማታ ሠላሳ አንድ ሰው ደወለ! አንዱ 850 ዶላር ይላል፣ ሦስት አራቱ 1,350 አካባቢ፣ አንዱ ደግሞ 1,700። 850 ያለኝ ሰውዬ ‹አሁኑኑ 200 ዶላር በስልክሽ፣ በዜል ካልላክሽ ቦታው ያመልጥሻል› እያለ ያጣድፈኛል። የባለቤቴ አጎት በበኩላቸው ‹እጅ እግር የለሽም? ነድተሽ አትሄጂም?› ይሉኛል። ልብሴን፣ ጤፌን፣ በርበሬዬን፣ ቅቤዬንና ጀበናዬን ውስጧ ብጭንስ? አንድ አሮጌ ኮሮላም አለን፤ እሷን ለወንድሜ አዲስ አበባ ልልካት አስቤያለሁ። እባክዎ ይምከሩኝ። ግራ የገባኝ፣ ከአሌክሳንድሪያ።»

እህቴ፣ መጀመሪያ ዜሉን አትላኪ። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራዋለን።

ሠላሳ አንዱ ስልክ አሳቀኝ። ይህን ዓምድ ከመያዜ በፊት ዘጠኝ ዓመት መኪና የሚጭን ትራክ ነድቻለሁ። ከደወሉልሽ ሰዎች መካከል የራሱ ትራክ ያለው አንድም ላይኖር ይችላል። ደላሎች ናቸው። ስድብ አይደለም፤ እዚህ ብሮከር ይባላል፣ ሕጋዊ ሥራ ነው፣ የፌዴራል ፈቃድ አለው፣ የ75,000 ዶላር ዋስትናም ማስያዝ ግዴታው ነው። ግን ቤት የሚያከራይሽ ደላላ ቤቱ የእሱ እንዳልሆነ ሁሉ፣ የእነዚህም ትራኩ የእነሱ አይደለም። ይቺን ከያዝሽ ሌላው ግራ መጋባት ግማሹ ይቀልልሻል።

አንቺ ከደላላው ጋር ከተስማማሽ በኋላ እሱ መኪናሽን እኛ ሹፌሮች ሎድ ቦርድ የምንለው ሰሌዳ ላይ ይለጥፋታል፦ ራቭ ፎር፣ ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሲያትል፣ ለሹፌሩ ይህን ያህል። እዚያ ሰሌዳ ላይ በሺዎች የሚቆጠር መኪና ተለጥፎ ይውላል። ሹፌሩ አንድ የትራክ ማረፊያ ቆሞ ቡናውን እየጠጣ ስልኩን ይከፍትና መንገዱ ላይ ያለውን፣ ደህና የሚከፍለውን እየለቀመ ተሳቢውን ይሞላል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሌላው ሰው 1,200 በሚከፍልበት መስመር 650 የተለጠፈባትን መኪና ሳይ ጣቴ እንኳ አይቆምም፣ ወደ ላይ ገፍቼ አልፋታለሁ። ስለዚህ የ850ው ሰውዬ የግድ ሌባ ነው አልልም፤ ግን የነገረሽ ዋጋ ትራክ የሚመጣበት ዋጋ አይደለም። ሳምንት ትጠብቂያለሽ። የአውሮፕላን ትኬትሽ ቀን ይደርሳል። ያኔ ይደውልና «እህቴ፣ ሹፌር ጠፋ፣ አራት መቶ ጨምሪ» ይልሻል። ሻንጣሽን ዘግተሽ፣ ቤቱን ለቀሽ፣ እምቢ የምትዪበት አፍ የለሽም።

ሦስት አራት ሰዎች ሳይመካከሩ 1,350 አካባቢ ካሉሽ የገበያው ዋጋ እሱ ነው። 1,700 ያለሽም ወይ ቀን ቆርጦ የሚያነሳልሽ ነው፣ ወይ ኮሚሽኑን አስፍቷል፤ ጠይቂው። ደላሎቹን የሚለይልሽ አንድ ጥያቄ ልስጥሽ፦ «ለሹፌሩ ስንት ብለህ ነው የምትለጥፈው?» በይው። ደህናው ቁጥሩን ይነግርሻል። ሌላው «እሱ የውስጥ አሠራራችን ነው» ብሎ ወሬ ይቀይራል። በቅድሚያ ስለሚከፈለውም እንደዚሁ ነው። ጨዋ ደላላ ኮሚሽኑን የሚወስደው ትራክ ከተገኘና የሹፌሩ ስም ከተነገረሽ በኋላ ነው። ቀሪው መኪናው ሲደርስ ለሹፌሩ በጥሬ ገንዘብ ወይም ባንክ በሚሠራው ካሼርስ ቼክ ይከፈላል። የራስሽን ቼክ አይቀበልም፤ በምን እንደሚቀበል አስቀድመሽ ጠይቂ። እሑድ ማታ ሲያትል ላይ ባንክ ስትፈልጊ እንዳላገኝሽ።

አሁን ወደ ማጣራቱ። የጭነት ትራክ ድርጅቶችንና ደላሎችን የሚመዘግበው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሴፈር የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለው። ደላላውን ኤም.ሲ. ወይም ዲ.ኦ.ቲ. የሚባለውን የፌዴራል ምዝገባ ቁጥሩን ጠይቂና አስገቢው። ፈቃዱ የጸና መሆኑን፣ የተመዘገበው በደላላነት ይሁን በጫኝነት ታያለሽ። ብዙ ሰው ስሙን ሲያገኝ «አለ!» ብሎ ይዘጋዋል፤ የሚበላውም እዚህ ላይ ነው። አጭበርባሪዎች የሌላ ሰው ድርጅት ስምና ቁጥር ተውሰው ይሠራሉ። ስለዚህ ለደወለልሽ ሰው መልሰሽ አትደውዪ፤ መዝገቡ ላይ የተጻፈውን ስልክ ደውለሽ «እንዲህ የሚባል ሰው እናንተ ጋ ይሠራል?» በያቸው። ትራክ ሲመደብልሽ ደግሞ የጫኙን ስምና ዲ.ኦ.ቲ. ቁጥር ተቀብለሽ ያንኑ ድገሚ። መኪናሽን የሚይዘው እሱ ነው።

ኢንሹራንስ ላይ ደላሎች ራሳቸው የሚሳሳቱበት ነገር አለ። መዝገቡ ላይ የምታዪው 750,000 ዶላር፣ ትራኩ መንገድ ላይ ሌላ ሰው ላይ ጉዳት ቢያደርስ የሚከፈል ነው፤ ራቭ ፎርሽን አይመለከትም። የተጫነውን ዕቃ የሚሸፍነው ካርጎ ኢንሹራንስ ሌላ ነው፣ ያ መዝገብም ላይ አይወጣም። የኢንሹራንስ ሰርተፍኬቱን ላኩልኝ ብለሽ በኢሜል ተቀበዪ፣ ቀኑ ያላለፈ መሆኑንም እዪ። በስልክ የተባለ «ሙሉ ኢንሹራንስ አለን» ማስረጃ አይሆንሽም።

የባለቤትሽ አጎት ያሉትም ከንቱ አይደለም። ከአንቺ ደጅ እስከ ሲያትል ወደ 2,800 ማይል ነው። በራቭ ፎር ከ100 ጋሎን በላይ ቤንዚን ትጨርሻለሽ፣ በቀን አሥር ሰዓት ብትነጂ አምስት ቀን፣ አራት ሌሊት ሞቴል። ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ፣ ጊዜ ኖሯችሁ ቢሆን እኔም ሂጂ እልሽ ነበር፤ ሞንታና በኦገስት ታይታ አትጠገብም። ብቻሽን፣ አዲስ ሥራ ልትጀምሪ ሳምንት ሲቀርሽ ግን አልመክርሽም። ደግሞ ከአንቺ ሰፈር ሃያ ደቂቃ ያህል ርቀት ሎርተን ላይ ሰውንም መኪናንም አብሮ የሚጭን ባቡር አለ፤ ያልታደልሽው የሚሄደው ፍሎሪዳ ብቻ መሆኑ ነው።

ቀኑን በተመለከተ፦ ኦገስት ሁሉም ሰው ቤት የሚቀይርበት ወር ስለሆነ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድመሽ ያዢ። «ማክሰኞ አነሳታለሁ» ሲሉሽ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ብለሽ ስሚው። ሹፌሩ በሕግ በቀን ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድለትም፣ ሰዓቱንም የሚቆጥረው መሪው አጠገብ ያለ ማሽን ነው፤ መንገድ ላይ ሲጭንና ሲያወርድም ይቆያል። መንገዱ ራሱ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ቢወስድበት አትደነቂ። በበረራሽ ቀን አስረክባለሁ ብለሽ አታስቢ። መኪናዋን የሚያስረክብልሽ የምታምኚው ሰው አዘጋጂ፣ ስሙንም ለደላላው አስመዝግቢ።

ዝግ ተሳቢ ልያዝ ወይ ብለሽ አታስቢ፣ ዋጋው እጅግ ይወደዳል፤ እሱ የፌራሪ ነው።

መኪናዋን ስታዘጋጂ መጀመሪያ እጠቢያት። ለውበት አይደለም፤ አቧራ ያለበት መኪና ላይ ጭረት አይታይም፣ ሹፌሩም የርክክብ ወረቀቱ ላይ «ቆሻሻ ነው፣ አልታየም» ብሎ ይጽፋል፣ ያቺ ቃል በኋላ አንቺ ላይ ትመጣለች። ከታጠበች በኋላ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሺ፦ አራቱን ጎን፣ ጣሪያዋን፣ ኮፈኑን፣ ሁለቱን ፓራውልት፣ እያንዳንዱን ቸርኬ፣ ስፖኪዮዎቹን፣ የፊት መስታወቱን፣ ዳሽቦርዱ ላይ ማይሉ የሚነበብበትን። ጣሪያውን ሰው ሁሉ ይረሳዋል። ወንበር ላይ ቆመሽ አንሺው።

ነዳጅ ሩብ ታንክ ይበቃል። አንድ ጋሎን ቤንዚን ስድስት ፓውንድ ያህል ይመዝናል፤ የአንቺ ታንክ ወደ 16 ጋሎን ስለሚይዝ ሞልተሽ ብትሰጪው መቶ ፓውንድ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ስምንት ባለመኪና እንደዚያ ቢያደርግ አስቢው። ትራኩ ከነጭነቱ ከ80,000 ፓውንድ ማለፍ የለበትም፣ በየስቴቱ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ካለፈ ቅጣቱ የሹፌሩ ነው። ባትሪሽ ደካማ ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ቀይሪው። መኪናሽ አንዴ ተጭና እስከ ሲያትል ተኝታ የምትሄድ ይመስልሻል፤ አይደለም። ከፊቷ ያለችው ቺካጎ ላይ የምትወርድ ከሆነ ያንቺን አስነስቼ፣ አውርጄ፣ መልሼ እጭናለሁ። አንዳንዷን መኪና አራት ጊዜ አስነስቻለሁ። ማንቂያ ደወል ካላት አጥፊው፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ትራክ ማረፊያ ውስጥ የሚጮህ መኪና ይዞ መተኛትን ለማንም አልመኝም። ዘይት የምታንጠባጥብ ከሆነም ተናገሪ፤ ላይኛው ደረጃ ላይ ከሆነች የምታንጠባጥበው ታች ባለው ሰው ቀለም ላይ ነው።

የመንገድ ክፍያ የምትከፍዪባትን ኢ ዚ ፓስ ከመስታወቱ ላይ ንቀያት። ትራኩ በፔንሲልቬንያ፣ በኦሃዮ፣ በኢንዲያናና በቺካጎ የክፍያ መንገዶች ሲያልፍ ማሽኑ ያንቺንም ሊያነባት ይችላል፣ ከዚያ «እኔ ሲያትል ነኝ» እያልሽ ስልክ ላይ መክረም ነው። ቁልፍ አንድ ብቻ ስጪ፤ የቤትሽንና የሥራ ቦታሽን ቁልፍ አውጪበት።

ጤፉና ቅቤው ላይ ደርሰናል። ሹፌሩ ፈቃዱ መኪና ለመጫን ነው እንጂ የቤት ዕቃ ለማጓጓዝ አይደለም። ብዙዎቹ ከኋላ፣ ከመስኮት በታች እስከ መቶ ፓውንድ የሚደርስ ሻንጣ ዝም ብለው ያልፉልሻል፤ እሱም ቢጠፋ ቢሰበር ኢንሹራንስ አይከፍልበትም። አስቀድመሽ ለደላላው ሳይሆን ለሹፌሩ ራሱ ንገሪው። ልብስ ይሁን። ቅቤ ግን በፍጹም! አንድ ጊዜ በጁላይ ካምሪ ጭኜ ነብራስካ ላይ ስደርስ፣ የተዘጋ መኪና በፀሐይ ውስጥ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ፣ ንጥር ቅቤው ቀልጦ ከፕላስቲኩ ወጥቶ ምንጣፉን ጠጥቶታል። ባለቤቱ ዴንቨር ላይ በሩን ሲከፍት የሠርግ ቤት ሸተተው። ከዓመት በኋላ ደውሎ «አሁንም ይሸታል» ብሎኛል። በርበሬሽን በሻንጣሽ ያዢ፣ ጀበናሽን በነጠላ ጠቅልለሽ አውሮፕላን ላይ እጅሽ ላይ ያዢያት። ጤፉን ተዪው፤ ሲያትል የሐበሻ ሱቅ ሞልቷል።

ትራኩ ርዝመቱ ሰማንያ ጫማ ይደርሳል፤ አፓርታማ ግቢ ውስጥ አይገባም። ሹፌሩ ደውሎ «ሾፒንግ ሴንተሩ ፓርኪንግ እንገናኝ» ቢልሽ ማጭበርበር አይደለም። እዚያ ስትደርሺ አብራችሁ መኪናዋን ትዞራላችሁ። ቢል ኦፍ ሌዲንግ የሚባለው የርክክብ ወረቀት ላይ፣ ዛሬ ብዙ ጊዜ ስልኩ ላይ ነው፣ የመኪና ሥዕል አለ፤ ጭረት ባለበት አንድ ፊደል፣ የገባ ቦታ ባለበት ሌላ ፊደል እየተጻፈ ይሞላል። የሌለብሽን ጭረት ከጻፈ እዚያው አስተካክዪ። ቅጂውን ሳትቀበዪ አይሂድ።

ይህን ሁሉ ያልኩት አንድ ነገር ላይ ለመድረስ ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ መኪናቸውን በደንብ የሚፈትሹት ሰዎች ሁሉ ፈረንጆች ነበሩ ባልል ደስ ይለኛል፤ ግን እውነቱ ለዚያ ይቀርባል። የኛ ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል። ሹፌሩ ደክሟል፣ ከሩቅ መጥቷል፣ ደግሞ ሐበሻ ነው፣ እንዴት ፊቱ ላይ ባትሪ አብርቼ እፈትሻለሁ ይላል። አንድ ሌሊት አውሮራ ኮሎራዶ ላይ ለአንድ አባት ሌክሰስ አደረስኩ። ዝናብ ነበር፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፏል። ሰውየው ጃንጥላ ይዘው ወጡ፣ በፌስታል እንጀራና ሻይ በቴርሞስ አቀበሉኝ፣ «ልጄ፣ እንኳን በሰላም ደረስክ» ብለው ሳያዩ ፈረሙ። እኔም ቸኩዬ ነበር፣ እኔም አላየሁም። ጠዋት ልጃቸው ደወለች፦ ጣሪያው ተሰርጉዷል። ከአንድ ሰፈር ስወጣ ቅርንጫፍ መትቶት መሆን አለበት። የኔ ኢንሹራንስ የፈረሙበትን ወረቀት አየና «ንጹሕ ተብሎ ተፈርሟል» አለ። አለቀ። ግማሹን ከኪሴ ከፈልኩ፣ ግማሹን እሳቸው። እስካሁን ያ ሻይ ትዝ ባለኝ ቁጥር አፍራለሁ።

ስለዚህ ሲያትል ላይ፣ ቢመሽም ቢዘንብም፣ የስልክሽን መብራት አብሪና ዙሪያዋን ሂጂ። ጣሪያውን እዪ፣ ከፓራውልቱ ሥር ጎንበስ ብለሽ እዪ፣ ጎማው አጠገብ ማሰሪያው ያረፈበትን እዪ፣ ማይሉን ከፎቶው ጋር አስተያዪ። ሹፌሩ ቢያጉረመርም ይሁን። የተለየ ነገር ካየሽ ከመፈረምሽ በፊት ሰነዱ ላይ ጻፊው፣ እሱም ይፈርምበት፣ ትራኩ ከኋላ እየታየ ፎቶ አንሺ። ከዚያ ገንዘቡን ክፈይው፤ ጉዳት አለ ብለሽ ክፍያ ብትከለክዪው መኪናዋን ይዞት ሊሄድ ይችላልና በዚያ አትጣዪ። የጉዳት ጥያቄሽን የምታቀርቢው ለጫኙ ድርጅት በጽሑፍ ነው፣ ለደላላው አይደለም። በፌዴራል ሕግ ጥያቄ ለማቅረብ ከዘጠኝ ወር ያነሰ ጊዜ ሊወስኑብሽ አይችሉም፤ አንቺ ግን በዚያው ሳምንት ጨርሺው።

የራስሽንም ኢንሹራንስ መንገድ ላይ እያለች እንዳታቋርጪ። ዋሽንግተን ስቴት ነዋሪ ከሆንሽበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ መኪናዋን አስመዝግበሽ ታርጋ መቀየር አለብሽ፤ ታይትሉን፣ የባለቤትነት ወረቀቱን፣ በሻንጣሽ ያዢው፣ መኪናዋ ውስጥ አትተዪው። ለአሌክሳንድሪያ ከተማም መልቀቅሽን አሳውቂ፣ የመኪና ታክሱ ሲያትል ድረስ እንዳይከተልሽ።

ኮሮላዋን አዲስ አበባ የመላኩን ነገር እርሺው። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች፤ ወደብ ላይ ቆማ ትቀርብሻለች። እዚያው ሽጫትና ገንዘቡን ለወንድምሽ ላኪለት። ወይ ለባለቤትሽ አጎት ስጫቸው፣ መንዳት ይወዳሉ።